ከሐረጎ ጋር የሚኖር አሮጌ ኮሮላ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ያገለገለ የቤት መኪና የመግዣ፣ የመጠገኛና የወጪ መመሪያ

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቁልቁለቱ የሚከብደው ደግሞ ሐረጎ ላይ ነው። ሜዳ አገር ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኖ የሚቆይ የራዲያተር ወይም የፍሬን ችግር እዚህ በአንድ ምልልስ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሁሉን ነገር የምንለካው በዚሁ መንገድ ነው። ሐረጎን ሳይግል የማይወጣ፣ ፍሬኑ ሳይላላ የማይወርድ መኪና ቀለሙ ቢያምር፣ ወንበሩ ቢታደስ ዋጋውን ሊያስጨምር አይገባም።

ለምሳሌ የወሰድነው ቶዮታ ኮሮላን ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው 1.6 ሊትር ሞተር አላቸው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ ዜድዜድ የሚባለውን የሞተር ቤተሰብ ይዘዋል። ሁለቱ የሚታመሙበት ቦታ ስለሚለያይ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ዓይነት እዚያ ከተለጠፈው የብረት መለያ ያንብቡ። ለሌላ ሞዴል የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፤ ቁጥሮቹን ከመኪናው ማንዋል ይውሰዱ።

በብር የተጻፈ ዋጋ እዚህ አያገኙም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪናውም የዕቃውም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ወጪውን በሊትር፣ በኪሎ ሜትርና በዕቃ ብዛት አስቀምጠናል፤ በዕለቱ ዋጋ ማባዛት ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ የሚታይ

ከሻጩ ጋር ሲቀጣጠሩ ጠዋት ይሁን፤ ሞተሩን እንዳያስነሳው አስቀድመው ይንገሩት። ደርሰው ኮፈኑን ሲነኩት ሞቆ ከጠበቀዎት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚያሳየውን ጠባይ ማየት አይችሉም፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩ።

1. የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ (ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ)። ውሃው እስከ አፉ መድረስ አለበት። ቡናማ ዝገት ካለው ለዓመታት ተራ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በቴስታታው መሐል ያለውን ማሸጊያ፣ ይጠርጥሩ።

2. የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ የጠቆረ ቢሆን አያስደነግጥም፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል። በዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ የሚታይ ጥቂት ነጭ አረፋ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ እርጥበት እንዲህ ያደርጋል።

3. ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ እስከ መብራቱ ድረስ ያዙሩ። የሞተር፣ የዘይትና የባትሪ መብራቶች ሁሉም መብራት አለባቸው። የሞተሩ ምልክት ጭራሹኑ ካልበራ አምፖሉን ያወጣው ሰው አለ፤ ለምን እንዳወጣው ግልጽ ነው።

4. ያስነሱና ጭሱን ከኋላ ሆነው ይመልከቱ። ጠዋት ላይ የሚወጣና በጥቂት ደቂቃ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ብርዱ ያመጣው ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋና ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ሲቃጠል ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ የበዛ ቤንዚን ነው።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የሚይዝበትን ግፊት) ማስለካት ከቻሉ ያስለኩ፤ ነገር ግን በከፍታው ምክንያት ቁጥሩ እንደሚቀንስ ይወቁ። ለ4ኤ-ኤፍኢ ማንዋሉ የሚለው መደበኛ 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛው 142 ነው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። የደሴ አየር ግፊት ከዚያ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ሙሉ ጤነኛ ሞተር እዚህ 140 አካባቢ ያነባል፤ ኮምቦልቻ ላይ 155 አካባቢ። በማንዋሉ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ደህናውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ይከፍተዋል፤ ያለ ምክንያት የተከፈተ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ደሴ ላይ ከ107 በታች ያነበበ ሲሊንደር ካለ ያኔ በእርግጥ ደክሟል። ከሁሉ በላይ የሚታየው የአራቱ ልዩነት ነው፤ ትልቁና ትንሹ ከ14 ፒኤስአይ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ሲለካ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ።

ሐረጎን ወርዶ መውጣት

ከደሴ ተነስተው ኮምቦልቻ ወርደው ይመለሱ። ከተማ ውስጥ አንድ ዙር አዙሮ መግዛት እዚህ አገር አይሠራም።

ሲወርዱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይያዙና ቤንዚን ሳይነኩ መኪናውን ለሞተሩ ይተዉት። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ከፍተኛ መሳብ ይፈጠራል። የቫልቭ ጎማዎቹ (ዘይት የሚከለክሉት ማሸጊያዎች) ካረጁ ዘይት በእነሱ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ቤንዚን ሲረግጡ በመስታወት ኋላውን ይዩ፦ አንዴ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ይህ የሚቻል ጥገና ነው። ወደ ላይ ሲመለሱ ዳገቱን ሙሉ የሚከተልዎት ሰማያዊ ጭስ ግን የፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) ነው፤ ያኔ የሞተር እድሳት ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ኮምቦልቻ እንደደረሱ ቆመው ወርደው ይሽተቱ። ከአንድ ጎማ ብቻ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የሚሸት ከሆነ ያ ፍሬን አይለቅም። እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ አድርገው (ሳይነኩ) ግራና ቀኙን ያወዳድሩ። ከዚያ ሰፊ ቦታ ፈልገው መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዘው በቀስታ ይዙሩ፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የሲሚያሱ (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) መገጣጠሚያ አልቋል ማለት ነው። ሜዳው ላይ ሲነዱ የሚያጉረመርምና መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዘነብል ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው።

ሲመለሱ ፍሪሲዮኑን ይፈትኑ። በአራተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዳገት ላይ ቤንዚኑን ይርገጡት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ዲስኩ ይንሸራተታል። ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ በስድስት ወር ካምቢዮ ደግሞ ማውረድ የእጅ ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። ዳገቱን ሁሉ የሙቀት መለኪያውን አይርሱ። ጤነኛ ኮሮላ ላይ ጠቋሚው መሐል አካባቢ ይቆማል፤ ሐረጎም ቢሆን ከዚያ ብዙ መነሳት የለበትም።

ራዲያተርና ሙቀት፦ እዚህ ላይ ገንዘብዎን ያውጡ

ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ደሴ ላይ በ92 አካባቢ ይፈላል። የኮሮላ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82፣ ፋኑ የሚነሳው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ሲያዩዋቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ደሴ ላይ ተራ ውሃ የሞላ መኪና ፋኑ ገና ሳይነሳ ይፈላል። ደህና ክዳን 0.9 ባር ያህል ይይዛል፤ ያኔ የተራ ውሃው መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። በዚህ ከተማ «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ተብሎ የሚወርድ መኪና ስንቱ ክዳን ብቻ እንደሚፈልግ ማሰብ ያሳዝናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ ክዳኑ። የላስቲኩ ጠርዝ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ የማትመለስ ከሆነ ይቀየር። ሲገዙ የድሮው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ያመሳክሩ፤ ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ አይደለም፣ አሮጌውን ራዲያተር ያፈነዳል።

ሁለተኛ፣ ፋኑ። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ ኤሲውን ያብሩ፤ ፋኑ መዞር አለበት። የ1990ዎቹ ኮሮላ ላይ የሙቀት ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ዝግ፣ ከ93 ዲግሪ በላይ ሲሆን ክፍት ነው። ቁልፉን አብርተው የስዊቹን ሶኬት ሲነቅሉት ፋኑ ከተነሳ ፋኑ፣ ሪሌውና ፊውዙ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ስዊቹ ጋ ነው። ካልተነሳ የፋኑ ሞተር ላይ በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ሰጥተው ይለዩት። ፋኑን ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ ማገናኘት ለአንድ ቀን ይሆናል፤ ለዓመት ከሆነ ዲናሞውንና ፋኑን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፣ ቴርሞስታቱ። አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እኛ አጥብቀን እንቃወማለን። ቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ አብሮ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ዳገት ላይ ውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ጠዋት ደሴ ላይ ደግሞ ሞተሩ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። ለመፈተን በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ያሙቁት፤ በ80ና በ84 መካከል መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ መከፈቱ የሚታየው በ95 ዲግሪ ነው፤ ደሴ ላይ ክፍት ድስት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ግማሽ ተከፍቶ ስላዩት ብቻ አይጣሉት። ሲገጥሙ ትንሿ የአየር ማስወጫ ፒን ወደ ላይ ትሁን።

አራተኛ፣ ራዲያተሩ ራሱ። ሞተሩ ከሞቀና ከጠፋ በኋላ ፋኑን ከባትሪ ነቅለው የራዲያተሩን ፊት በእጅዎ ይዳብሱት። በሞቀው መሐል ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ቱቦዎቹ እዚያ ጋ ተደፍነዋል። ማሳሻ ኬሚካል ቀላል ዝገትን ያነሳል፤ ብዙ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ግን ወይ ወርዶ ይከፈት ወይ ይቀየር። ፍሳሽ ለማቆም የሚጨመር ዱቄት አይጠቀሙ። ቀዳዳውን ሳይደፍን ቱቦውን ይደፍናል፣ ቀጥሎ የማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ይዘጋል።

አምስተኛ፣ ውሃው። የኮሮላ ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 6.5 ሊትር ይይዛል። ግማሹ ኩላንት ግማሹ የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ) ይሁን። የቧንቧ ውሃ ቆሻሻው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። በተለይ ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ያለ ኩላንት ከውስጥ ይበላል።

ሲሞሉ አየር ማስወጣቱ እንዳይዘነጋ፦ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የማሞቂያውን ማዞሪያ ወደ ሙቅ ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ይሙሉ፣ ሞተሩን ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያስነሱ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጎማ ቱቦ እየጨመቁ አረፋው እስኪያቆም ይጨምሩ። የታችኛው ቱቦ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑ። በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ ደግመው ይዩት፤ ጥቂት መጉደሉ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም የሚግል ከሆነ ወደ ጓርኒሲዮኑ ይመጣሉ። ምልክቱ ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ሙቀት ሳይኖር፣ የላይኛው ጎማ ቱቦ ድንጋይ መሆኑ፣ በክዳኑም አፍ አረፋ ያለማቋረጥ መውጣቱ ነው። ቴስታታው ከወረደ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ መጣል ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት (ፊለር ጌጅ) ይለካ፤ 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ይላጥ። ቡሎኖቹ በማንዋሉ ቅደም ተከተል ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ። በእጅ ግምት የጠበቀ ቴስታታ ሐረጎን ብዙ ጊዜ አይወጣም።

መንገድ ላይ ጠቋሚው ሲነሳ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ቦታ እንዳገኙ ዳር ይያዙ። ክዳኑን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይንኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን የሚሰነጥቀው በደቂቃ ውስጥ ነው።

ፍሬን

ሰው የጫነ ኮሮላ 1,250 ኪሎ ያህል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሃያ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው፤ ያን ሁሉ ከሞተሩ ጋር የሚካፈል ወይም ብቻውን የሚውጠው ፍሬኑ ነው። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለውም ስህተት ነው፦ ኢንጄክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ላለመጥፋት ቤንዚን ያቃጥላል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሐረጎን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ፍሬን ረግጠው ፍጥነት ከቀነሱ በኋላ ይልቀቁት፤ ረግጠው እንደያዙ አይውረዱ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አብዛኛው ይሄ ነው። ማንዋሎች በሁለት ዓመት ይቀየር ይላሉ፤ በዚህ መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስ በየዓመቱ እንዲቀየር እንመክራለን። ወጪው አንድ ሊትር ዘይትና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ዶት 4 መጨመር ይቻላል፤ የማዕድን ዘይት ጠብታ ግን የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች ሁሉ ያሳብጣል።

አቀያየሩ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከማጠራቀሚያው አሮጌውን በስሪንጅ ስበው አዲስ ይሙሉ። ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ከሚርቀው የኋላ ጎማ ይጀምሩ። የአየር ማስወጫዋ ቡሎን 8 ወይም 10 ቁጥር ትሆናለች፤ ዝገት ከያዛት በኃይል አይፈትሉ፣ ዘይት ነክተው ያሳድሯት። ግልጽ ቱቦ ይሰኩና ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። አንዱ ይረግጥና ይይዛል፣ ሌላው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ይደጋገም። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው ከሀ ይጀምራል።

የፊት ሸራ (ፓድ) ሲቀየር፦
– ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ያላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንስተው መቆሚያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግቡ።
– የካሊፐሩን የታች ቡሎን ፈተው ወደ ላይ ያንሱት፤ በፍሬን ቱቦው አያንጠልጥሉት።
– ተንሸራታች ፒኖቹን አውጥተው ይጥረጉ፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ይቀቡ። አንዱ ወገን ብቻ የሚያልቅ ሸራ ምክንያቱ የደረቀ ፒን ነው።
– ፒስተኑን ወደ ውስጥ ሲገፉ ማጠራቀሚያው እንዳይፈስ ይጠብቁ።
– የዲስኩ ውፍረት በራሱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር በታች ከሆነ አይላጥም፣ ይቀየራል።
– ዳዶዎቹን በ103 ኒውተን ሜትር በመስቀለኛ ተራ ያጥብቁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ይድገሙት።

ማንዋሉ ሸራው እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይታገሳል፤ ሐረጎ ላይ 3 ሲደርስ ይቀይሩ፤ የሳሳ ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ለዘይቱ ያሳልፋል። አዲስ ሸራ ገጥመው ወዲያው ቁልቁለት አይግቡ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ በመጠኑ እየረገጡ፣ በመሐል እያቀዘቀዙ ያስማሙት።

የኋላው ታምቡር ብዙዎቹ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ነው፤ 201 ከደረሰ ይጣላል። ውስጡ ከረጠበ የጎማው ሲሊንደር ያፈሳል፤ ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። የእጅ ፍሬኑ ከ4 እስከ 7 ጠቅታ ይያዝ፤ በደሴ አቀበት ሰፈሮች ይህን የሚንቅ የለም።

የፍሬን ሰርቮውን (የእግርን ኃይል የሚያግዘውን) ለመፈተን ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ረግጠው እንደያዙ ያስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ መስመጥ አለበት። ሰርቮ በአየር ግፊት ስለሚሠራ ደሴ ላይ ከቆላ ይልቅ አቅሙ ያንሳል፤ የተሰነጠቀ የቫኩም ቱቦ ሲጨመርበት ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ዘይት፣ ቺንጋና ሌላው

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከፊልትሮ ጋር፣ እንደ ሞተሩ ከ3 እስከ 4 ሊትር። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩት ዜድዜድ ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ምክንያቱ በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በቀላሉ መደፈናቸው ነው። ወፍራም ዘይት መሙላት ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ቀዳዳውን አይከፍትም። እንዲህ ያለ መኪና ከገዙ በየሳምንቱ ይለኩ፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ የሚበላ ከሆነ ፒስተንና ፋሻ ያስቡ። በዘይት እጦት ብሮንዚኑ (የክራንኩ ማረፊያ) ከሚበላ፣ ዘይት እየጨመሩ መኖር ይሻላል።

ዜድዜድ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። 4ኤ-ኤፍኢ ግን የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማ ቀበቶ) አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በደረሰኝ ካላሳየ አልተቀየረም ብለው ይያዙት። ይህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቩ አይታጠፍም፤ ይህ ግን መጽናኛ አይሁን። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ሲጠፋ ሰርቮውም ኃይል መሪውም አብረው ይሄዳሉ። ቺንጋው ሲቀየር ማጥበቂያው ኩሽኔታ፣ የክራንክና የካም ፓራኦሊዮ (የዘይት ማሸጊያ)፣ ካፈሰሰም የውሃ ፖምፓው አብረው ይቀየሩ።

አሞርቲዛተር ዘይት ካፈሰሰ ጥንድ ጥንድ ይቀየራል። ቴስቲናና ቦል ጆይንት (የመሪና የጎማ መገጣጠሚያዎች) ጎማውን አንስቶ በማነቃነቅ ይታወቃሉ፤ ከተቀየሩ በኋላ አላይመንት ግድ ነው። ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማንበብ አለበት። የሲሚያሱ ጎማ ሽፋን ሲቀደድ ወዲያው ከተቀየረ መገጣጠሚያው ይድናል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ከገባው ወር አይቆይም።

ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ከጠፋ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ማስላክ የተለመደ ነው፤ ፎቶውንና የዕቃ ቁጥሩን አስቀድመው ይላኩ። ያገለገለ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ ወይም በር መግዛት ያዋጣል። ያገለገለ የፍሬን ዕቃ፣ ቺንጋ፣ ቴርሞስታትና ጎማ ግን አይግዙ።

የዓመቱ ሒሳብ

ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ቢሆን፦ በቀን 50 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 ቀን፣ 1,100 ኪሎ ሜትር፤ በዓመት 13,200። ደህና 1.6 ሞተር በዚህ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ይበላል ብለን እንያዝ፤ በወር 99 ሊትር። ቴርሞስታቱ የወጣ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ የሞተ መኪና 12 ሊትር ቢበላ በወር 132 ይሆናል። የዓመቱ ልዩነት 396 ሊትር ነው፤ ቴርሞስታትና ሴንሰር ከዚያ በታች ይገዛሉ። የራስዎን ለማወቅ ሙሉ ይቅዱ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግመው ሙሉ ሲቀዱ የገባውን ሊትር በሄዱት ኪሎ ሜትር ያካፍሉና በ100 ያባዙ።

ከነዳጁ ሌላ በዓመት የሚያስፈልገው፦ ሦስት ጊዜ ዘይትና ሦስት ፊልትሮ (ከ9 እስከ 12 ሊትር)፣ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ሦስት ሊትር ያህል ኩላንት፣ ተራ ካንዴላ ከሆነ በ20,000 ኪሎ ሜትር አራት። አራት ጎማ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የሦስት ዓመት ዕድሜ አለው፤ የዋጋውን ሲሶ በየዓመቱ ያስቡ። የፊት ሸራ ዕድሜ በአወራረድዎ ይወሰናል፤ በየ5,000 ይታይ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በየዓመቱ ናቸው፤ መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ይህን ደምረው ለ12 ያካፍሉ፣ በየወሩ ለብቻው ይቀመጥ። በተጨማሪ ከመግዣው ቀን ጀምሮ የአንድ ፍሪሲዮን ወይም የአንድ ቴስታታ ሥራ የሚሸፍን ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ። ያለዎትን ሁሉ ለመኪናው ከፍለው ለመጀመሪያው ጥገና ባዶ እጅ ከሚቀሩ በዋጋ ዝቅ ያለውን ሞዴል ይግዙ።

እንደገዙ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው፣ ሻጩ ምንም ቢል፦ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ኩላንት፣ 4ኤ-ኤፍኢ ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ፍሬኑ ይቅደም።

ከመፈረምዎ በፊት በሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር በራስዎ ዓይን ያመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩ ከተለየ ሞተሩ ተቀይሯል፤ ለውጡ በሊብሬው ካልተመዘገበ ስም ሲዛወር ያንገላታዎታል። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት ያጣሩ። በውሉ ላይ መኪናውን የተረከቡበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ፤ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋና ቅጣት የሻጩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የገዢው መሆኑም በግልጽ ይስፈር።